ይድረስ ለክቡር ባለ 56 ኪሎቢት ሞደም

ካሉበት፣ ከፍሪጃችን የኋላ እግር ሥር።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጡረታ ደብዳቤዬ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ በእርስዎ ተጠየቅሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ካገለገልሁበት መሥሪያ ቤት ለመሰናበት የክሊራንስ ቅጼን ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ስድስቱ ፊርማ ተሟልቶ ሰባተኛው ንብረት ክፍል ላይ ቆመ። ልጅቷ በዕድሜ ከእርስዎ ታንሳለች። መዝገቡን ገልጣ በጣቷ ስትከተል ቆይታ አንድ መስመር ላይ ቀጥ አለች።

«አባባ፣ በ1990 ዓ.ም. በሞዴል 22 የወሰዱት ንብረት አለ። ሞደም፣ ውጫዊ፣ 56 ኬ፣ ብዛት አንድ፣ ከነአዳፕተሩ ይላል። ሞደም ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር በስልክ መስመር የሚነጋገርበት ሳጥን ነው» አልኋት።

«ስልኩ ራሱ ኢንተርኔት የለውም እንዴ?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ጉልበት አልነበረኝም። ቤቴ ሄጄ ፍሪጁን በክብሪት ቀፎ ደግፌ እርስዎን አወጣሁ፤ ፍሪጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነክሳል። ረቡዕ ጠዋት በፌስታል ይዤዎት ስቀርብ ልጅቷ ገልበጥ አድርጋ አየችዎትና «መሥራቱን ቴክኒክ ክፍል ያረጋግጥ» አለች። ቴክኒክ ክፍል ደግሞ የእርስዎ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ኮምፒውተር የለውም፤ መደወያ መስመሩም ከተቆረጠ ዘመን ሆኖታል። ባለሙያው ግን ሐቀኛ ሰው ነው፤ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ይሠራል ለማለትም ሆነ አይሠራም ለማለት አልተቻለም።» በዚህ ወረቀት ልጅቷ ልትፈርም አትችልም። ስለዚህ ተተኪ ዕቃ ማቅረብ አለብኝ፤ ተመሳሳይ ወይም የተሻለ፣ ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ ጋር።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዘመን የእርስዎን ፕሮፎርማ መለመን ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ያልገባሁበት የኮምፒውተር ሱቅ የለም። ሁሉም «ሞደም? ሞልቷል!» ይልና አንቴናውን እንደ ፍየል ቀንድ ያቆመ የዋይፋይ ሳጥን ያመጣልኛል። «ይህ አይደለም፤ እየጮኸ የሚደውለውን ነው» ስል አንዱ ጓደኞቹን ከጓዳ ጠራቸው። ተሰብስበው አዩን። አንደኛው ፎቶ አነሣን፤ እኔንም እርስዎንም። «ሙዚየም ጠይቀዋል አባቴ?» አለኝ፤ በትሕትና ነው ያለው፣ ያ ነው የባሰው።

ፕሮፎርማ ሲጠፋ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል እንዲብራራ፣ በየንግድ ስሙ የቴክኒክ ንጽጽር ተጽፎ እንዲቀርብ ወሰነ። ጸሐፊው እኔው ነኝ። ሐሙስ ሌሊት የጻፍሁትን ግልባጭ ለእርስዎም እነሆ።

በዘመዶችዎ ዘንድ «ተመሳሳይ» የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። በሰከንድ 9600 ቢት የሚያስኬደው ቪ.32 የተባለ ስምምነት በ1984 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሞደሙ የራሱን ድምፅ ማሚቶ እያጠፋ የሌላውን እንዲሰማ ስለሚጠይቅ መሥሪያው ውድ ሆነ። ያኔ ነጋዴው ሁሉ የየራሱን ቋንቋ ፈጠረ። የቴሌቢት ትሬይልብሌዘር፣ በ1985፣ መስመሩን እስከ 512 ቀጫጭን መንገድ ይከፋፍልና ጫጫታ ያለበትን እንደ እብቅ እየለየ ይጥላል፤ ለተበላሸ ሽቦ እንደ እርሱ ያለ አልነበረም፤ ለእኛ ሰፈር የተፈጠረ ነበር፣ ግን አልደረሰንም። የዩኤስ ሮቦቲክስ ኩሪየር ኤች ኤስ ቲ፣ በ1986፣ በአንድ አቅጣጫ 9600 ሲያጋልብ በመልሱ መንገድ ከ300 እስከ 450 ብቻ ይንፏቀቃል፤ በጆንያ ሰጥቶ በማንኪያ እንደ መቀበል ነው። ሔይስ የተባለው ፋብሪካ ደግሞ አንዴ አንተ አንዴ እኔ እያለ በተራ የሚናገረውን አመጣ። ትእዛዝ ሲሰጣቸው ሦስቱም ሔይስ በ1981 ባስለመደው በ«ኤቲ» ቋንቋ ይሰማሉ፤ እርስ በርስ ሲደዋወሉ ግን አይግባቡም፣ ወደ 2400 ወርደው ይንተባተባሉ። ሰው ሁሉ ውድ ሞደም ገዝቶ የጎረቤቱን የንግድ ስም የሚጠይቅበት ዘመን ነበር።

በ1991 ቪ.32ቢስ መጣ፣ 14,400። ፈረንጆቹ «ቢስ» ማለት «ዳግም» ነው ይላሉ። ዕድለ ቢስ ደንበኛ ግን ትርጉሙን በአማርኛ ነው የተረዳው።

ወደ እርስዎ ትውልድ ስንመጣ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የዩኤስ ሮቦቲክስ ኤክስ ቱ እና የሮክዌልና የሉሰንት ኬ56ፍሌክስ ገበያ ወጡ። የሁለቱም ካርቶን 56 ይላል፣ በሰከንድ 56 ሺህ ቢት ማለቱ ነው፤ ሁለቱ ተገናኝተው ግን በዚያ ፍጥነት አይነጋገሩም። በ1998 ቪ.90 የተባለው የጋራ ስምምነት አስታርቋቸዋል። እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደነበሩ አልጽፍም፤ ከፋብሪካዎ ጋር ጠብ የለኝም። ማዶ ሆኖ የሚያነሣልዎት ሞደም ከሌላኛው ወገን ነበር፣ ይኸው ነው። 56ቱም ቢሆን መቀበያ ብቻ ነው፤ መላኪያው ከ33.6 አያልፍም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ በስልክ መስመር ኃይል ገደብ ምክንያት 53 አካባቢ ይቆም ነበር። እኔ ቤት ብራ በሆነ ቀን 28.8 ሠርተዋል፤ ዝናብ ከጣለ ጭራሽ።

ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል። እርስዎ ማለቱም እዚሁ ይብቃ።

ስማ። በዚያ መሥሪያ ቤት ግቢ ጣራው የሚያፈስ መጋዘን አለ። ከነካርቶኑ ሳይከፈት የበሰበሰ ማሽን ተደራርቦበታል፤ ለእርሱ ማንም ፊርማ አልተከለከለም። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ የማንም መዝገብ ላይ የለም፤ አንተ ግን አለህ። የጡረታ ገንዘቤ የሚጀምረው ከመሰናበቻው ደብዳቤ በኋላ ነው፣ አከራዬ ደግሞ ክሊራንስ አይጠይቅም። የሠራሁትን ሥራ ቆጥሮ «ይህን ሰጥቷል» የሚል አንድ መስመር አጥቼ፣ በሳጥን ምክንያት እንደ ሌባ እየተመላለስሁ ነው!

የድሮውን አልቆጥርብህም። እኩለ ሌሊት የምትጮኸውን፣ አማቴ ስልኩን ባነሡ ቁጥር የምትሞተውን ትቻለሁ። በ1996 ዓ.ም. ዲቪ በወረቀት መላክ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን የእኅቴን ፎቶ እየጀመርህ ሦስት ሌሊት የወደቅኸውን ግን እርሷ ይቅር አላለችህም።

ንጽጽሩን ትናንት አስገባሁ። ልጅቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው፤ ይህን እመሰክርላታለሁ፣ ሌላ ሰው አያነበውም ነበር። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ መዝገቡ ላይ የወጣው 56 ነው። እርስዎ 28.8 ሠርቷል ብለው ጽፈዋል። የቀረው 27.2 የት ገባ?»

አዳፕተሩንም አልረሳችውም።