ክቡር የአስቤዛ ሚኒስትር

ወሩ ሲያልቅ አንድ ቅዳሜ ማታ የአስቤዛ ደረሰኞቹን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። ከሱሪ ኪሴ፣ ከባለቤቴ ቦርሳ፣ ከፌስታል ሥር የተለቃቀሙ ናቸው። አንዳንዱ ቀለሙ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ሆኗል፤ እሱ ደግ ደረሰኝ ነው። የቀሩትን ደመርኩ። ደገምኩት። ስልኩ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ በእስክሪብቶ ደመርኩ። ስልኩ አልተሳሳተም።

ኤርንስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሰው በ1857 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር ጽፏል፤ ቤተሰብ ድሃ በሆነ ቁጥር ከገቢው ውስጥ ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ይጨምራል። እስከዚያች ማታ ድረስ እኔ ራሴን መካከለኛ ገቢ ካላቸው ሰዎች ነበር የምቆጥረው።

«ከነገ ጀምሮ አስቤዛውን የምገዛው እኔ ነኝ» አልኩ።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። አልተከራከረችም። ሚስት ሳትከራከር ስትቀር ምን እየመጣ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ፣ ግን ሹመት ጆሮ ይደፍናል። «እሺ፣ ክቡር ሚኒስትር» አለችና ልብስ መተኮሷን ቀጠለች።

በማግስቱ ወጣሁ። ቁርስ አልበላሁም። የአምስት ዓመት ልጄን አስከትያለሁ። በር ላይ ደግሞ ትልቁን ጋሪ ያዝኩ። ሦስት ስህተት፣ ገና አንድ ዕቃ ሳላነሳ።

ስለ ጋሪው ትንሽ ላውራ፣ ስላናደደኝ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. የገበያ ጋሪን ያመጣው ሲልቫን ጎልድማን የሚባል አሜሪካዊ ባለሱቅ ነው። ሰዎች በእጃቸው የያዙት ቅርጫት ሲከብዳቸው መግዛት እንደሚያቆሙ አየ። ቅርጫቱ ላይ ጎማ ገጠመለት። ሰዉ ግን አሻፈረኝ አለ። ወንዶቹ ጉልበት የሌለን እንመስላለን አሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ የልጅ ጋሪ የገፋነው ይበቃናል አሉ። ታዲያ ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰው ቀጠረ። የተቀጠሩት ሰዎች ሱቁ ውስጥ ጋሪ እየገፉ የሚገዙ ይመስላሉ፣ ሌላው አይቶ ይከተላል። ያኔ ሰው ተከፍሎት የገፋውን ጋሪ ዛሬ እኔ ከፍዬ እገፋዋለሁ።

መደርደሪያው ራሱ ተንኮለኛ ነው። ውዱ ዓይንህ ፊት ይቀመጣል። ርካሹ ጉልበትህ ሥር ነው። እውነተኛ ቆጣቢ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሲታይ ሱባኤ የገባ ነው የሚመስለው፤ ይንበረከካል፣ ይነሳል፣ ትንሽ ይራመዳል፣ ደግሞ ይንበረከካል። እኔም ሩዝ ልፈልግ ተንበርክኬ ቀና ስል ልጄ የለም። ለአዋቂ ወገብ የሆነው ከፍታ ለአምስት ዓመት ልጅ ዓይን መሆኑን ረስቼዋለሁ። እዚያ ደግሞ ስኳር የተለወሰ የቁርስ እህል ተደርድሯል፣ ካርቶኑ ላይ መነጽር ያደረገ ድብ እየሳቀ። ልጄና ድቡ ተያይተዋል። የድሮ ጓደኛሞች ነው የሚመስሉት። ድቡ አብሮን ቤት ገባ።

አንድ ቦታ ግን ጀግና ነበርኩ፤ ፓስታው ጋ። «የቤተሰብ» የሚል ትልቅ እሽግ አለ፣ እያየኸው ቆጠብክ ቆጠብክ ያሰኝሃል። የዋጋው ወረቀት ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል የኪሎ ዋጋ ተጽፏል። አጎንብሼ አነበብኩት። ትልቁ እሽግ በኪሎ ከትንሹ ይወደዳል! ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም፣ ግን ሲሆን ደም ያፈላል። አንዳንዱ ደግሞ ዋጋው ሳይነካ ግራሙ ብቻ ይሟሽሻል፤ 500 የነበረው 450 ይሆንና ማሸጊያው ያው ነው፣ ሥዕሉ ያው ነው፣ የምትከፍለው ያው ነው፣ የቀነሰው እራትህ ብቻ። ከሹመቴ ዘመን አንድ የሚረባ ነገር ይቀመጥ ከተባለ ይሄ ይቀመጥልኝ፤ ዋጋውን ትታችሁ የኪሎውን ዋጋ እዩ።

ከዚያ እርጎው ጋ ደረስኩና ያ ሁሉ ጀግንነት ተነነ። «ሁለት ሲገዙ ሦስተኛው በነፃ» ይላል። ሦስት ነፃ ነገር ይዤ ልግባ ብዬ ዘጠኝ ጫንኩ።

ቤት ስገባ ደረሰኙን ለባለቤቴ እንደ ዲፕሎማ ዘረጋሁላት። ከግርጌው «ዛሬ የቆጠቡት» የሚል መስመር አለው።

«ስንት አወጣህ?» አለችኝ።

«ስንት ቆጠብክ ብለሽ ጠይቂኝ እንጂ!»

«እሺ፣ ስንት ስትቆጥብ ስንት አወጣህ?»

ይሄን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ገና ነጠላቸውን ሳያስቀምጡ ፍሪጁን ከፈቱ። የታችኛውን መሳቢያ ሳቡት። እዚያ መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፣ የእናንተም ቤት አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ጤናማ ነገር እንበላለን» ተብሎ የተገዛ ሰላጣ፣ ማንም ሳያበስለው በራሱ ጊዜ ሾርባ የሆነ። ከጀርባው አራት እርጎ፣ ክዳናቸው ተነፍቶ። ነፃ የተባሉት ሦስቱ ከነአጃቢያቸው ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል ይላል፤ ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው ከየሰዉ ቤት ነው። ሪፖርቱን ሳነብ ፋብሪካና ሆቴል ነበር የጠበቅኩት። የኔ መሳቢያ ነው።

አማቴ ሪፖርት አላነበቡም። ቁም ሳጥኑን ከፈቱና አራት የተጀመረ ሩዝ አወጡ፤ ሁሉም በላስቲክ ታስሯል፣ ሁሉም ግማሽ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሩዝ ለሠርግ ነው?»

«አይ እማማ፣ ያለቀ እየመሰለኝ ነው…»

«ሳታይ ትገዛለህ ማለት ነው።»

ከድንቹ ቅርጫት ውስጥ ሽንኩርቱን ለቅመው ለብቻው አስቀመጡት፤ አብሮ ሲቀመጥ ድንቹ ቶሎ ይበቅላል አሉ። ከዚያ እጃቸውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተቱና ያልተከፈተ ፓስታ ይዘው ወጡ።

«እማማ፣ እሱ ቀኑ አልፏል!» አልኩ።

«ደረቅ ነገር ምን ይሆናል?»

ማሸጊያውን አየሁት። «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» ነው የሚለው። ስለ ጣዕሙ ነው የሚያወራው። ሥጋ ላይ የሚጻፈው «እስከዚህ ቀን ድረስ ብቻ ይጠቀሙ» ሌላ ነገር ነው፣ እሱን መስማት ነው። እኔ ሁለቱንም እንደ ሞት ፍርድ ሳነብ ነው የኖርኩት።

አማቴ ለሦስት ቀን ምንም ነገር እንዳይገዛ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ በላን! አራቱ ሩዝ አንድ ሆነ። የተረፈው ምስር ከድንች ጋር ሌላ ምግብ ሆነ። ችግሩ ልጆቹ ነበሩ፤ እኔ «ትናንት የተረፈ አለ» ስል አፍንጫቸውን ይይዛሉ። አማቴ ያንኑ ሳህን ይዘው መጡና «ይሄ የንጉሥ ምሳ ነው፣ ለሁሉም አይደርስም» አሉ። ልጆቹ ሊጣሉበት ምንም አልቀራቸውም። እኔ በሁለት ሳምንት ሙሉ ያላዳንኩትን በአንድ ስም አዳኑት።

ሲሄዱ ምክር እንኳ አልሰጡኝም። «እሷን አግዛት» ብቻ ነው ያሉኝ።

ባለፈው ሳምንት አስቤዛ ወጣሁ። ቁርሴን በልቼ፣ ልጁን ቤት ትቼ፣ ቁም ሳጥኑን አይቼ፣ ስድስት ነገር ብቻ ጽፌ፣ ቅርጫት በእጄ አንጠልጥዬ። የቲማቲም ድልህ ያለበት መደርደሪያ ጋ አንድ ሰው ስልኩ ላይ እያሰላ ቆሟል። «ሁለት ሲገዙ አንድ በነፃ» ነው። ግንባሩ ላይ የራሴን መከራ አየሁት።

«ወንድሜ፣ ይሄ ያዋጣል?» አለኝ።

«ቤት ምን እንዳለ አይተህ ነው የመጣኸው?» አልኩት፣ ድምፄን የአማቴን አስመስዬ።

ትንሽ አሰበ። አላየም። አንገቱን እየነቀነቀ አመሰገነኝና ባዶ እጁን ሄደ። ደስ አለኝ፣ አንድ ቤት አዳንኩ ብዬ።

ከዚያ መደርደሪያውን ዞር ብዬ አየሁት። ሦስት ብቻ ነበር የቀረው። ሦስት ብቻ፣ አንዱ በነፃ።

ለእንግዳም ቢሆን ይሆናል፣ አይደል?