በመውጫ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር

አባቴ ሃርት አታክ ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ በአምስተኛው ቀን ሲወጣ አንድ ወረቀት ሰጡን። ከመድኃኒቶቹ ስር የደም ምርመራ ውጤቶች ተደርድረዋል። ከአንዱ ቁጥር ጎን ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ። ምን ማለት እንደሆነ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። «ደህና ነዎት አባት፣ እግዜር ይማርዎት» ተባለና ወጣን።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ሦስት ትራስ ደርቦም እንቅልፍ እምቢ አለው። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። እግሩ አብጦ ካልሲው ሲወልቅ ምልክቱ ይቀራል። ተመልሰን ስንሄድ ሌላ ሐኪም ያንን ወረቀት አየና ጣቱን ቀስቱ ላይ አሳረፈ። «ይሄ እኮ ያኔውኑ ተናግሮ ነበር» አለን።

ቁጥሩ የቢኤንፒ ነው። ልብ ከአቅሙ በላይ ሲወጠር ወደ ደም የሚለቀው ንጥረ ነገር ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 መጀመሪያ ያገኙት ከአሳማ አንጎል ውስጥ ስለነበር በአንጎል ስም ተሰየመ፤ «ቢ»ው «ብሬን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ማለትም ከአንጎል የመጣ ነው። በኋላ ግን ዋናው ምንጩ ልብ መሆኑ ታወቀ። ከሃርት አታክ በኋላ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ በሽተኛው ለልብ ድካምም ሆነ ለሞት ያለው ስጋት ከሌላው ይበልጣል።

ሁላችንም የምንሰማው ስለ ትሮፖኒን ነው። የልብ ጡንቻ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳል። አንድ ጊዜ ተለክቶ አይበቃም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ይለካል። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ሁልጊዜም ከፍ ያለ ትሮፖኒን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚፈልገው መውጣት መውረዱን ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ትሮፖኒን «ሃርት አታክ ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው መልስ ከሰጠ በኋላ ፋይል ውስጥ ይረሳል። መጠኑ ግን ስለመጪዎቹ ወራትም ይናገራል።

ለዚህ የግድ አዲስና ውድ ምርመራ አያስፈልግም። ግሬስ የሚባለው የስጋት መለኪያ ከትሮፖኒን ሌላ ዕድሜን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ለውጥን፣ የልብ ድካም ምልክትን፣ በሽተኛው ሲገባ ልቡ ቆሞ እንደነበርና ክሬቲኒንን ይጠይቃል። ክሬቲኒን ተራ የኩላሊት ምርመራ ነው። የትኛው የልብ በሽተኛ የበለጠ እንደሚያሰጋ በመጠቆም ረገድ ግን ተራ አይደለም። በየጊዜው «አዲስ ባዮማርከር (በደም የሚለካ የበሽታ ጠቋሚ) ተገኘ» የሚል ዜና ሳይ ደስ ይለኛል፤ ግን እጃችን ላይ ያለውን መቼ አንብበን ጨረስን?

ማንበብ ብቻውንም አይበቃም። በስኮትላንድ በ10 ሆስፒታሎች 48,282 ሰዎች የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ይበልጥ ንቁ የሆነው የትሮፖኒን ምርመራ፣ የድሮው ያለፋቸውን በልባቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች አወጣ። በዓመቱ ሲታይ ግን በእነዚህ ሰዎች ላይ ዳግመኛ ሃርት አታክም ሆነ በልብ ምክንያት መሞት አልቀነሰም። እርግጥ ነው፣ የብዙዎቹ ጉዳት ሃርት አታክ አልነበረም። እኔ የማነበው ግን እንዲህ ነው፦ ቁጥሩ ተገኘ፣ ቁጥሩን ተከትሎ የመጣ በቂ ነገር አልነበረም።

ቢኤንፒም ቢሆን ነቢይ አይደለም። ዕድሜና የኩላሊት ሕመም ከፍ ያደርጉታል፤ ውፍረት ዝቅ ያደርገዋል። ዝቅ አለ ተብሎ መዘናጋት የለም። ከፍ ያለበትን ሰው ግን «በሦስት ወር ተመለስ» ብሎ መሸኘት ለእኔ ጥፋት ነው። በሳምንት በሁለት ሳምንት ይታይ። የልብ አልትራሳውንዱ ይነሳ። ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው አልጋው ጎን ተቀምጦ «ይህ ቁጥር ልብዎ እንደተጨናነቀ ያሳያል፤ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ክብደትዎ ባንዴ ከጨመረ ቶሎ ይምጡ» ይበለው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አባቴ አሁን ከአልጋው ስር ሚዛን አለው። ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ይወጣበትና ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል። ባለፈው ማክሰኞ በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ጨምሮ አገኘው። እኛን እንኳ ሳይቀሰቅስ ራሱ ሐኪሙ ጋ ደወለ።