ጥሩ ሙከራ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ሲኒማ እንደ ጥንቱ ቁርጡን የተናገረ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሲኒማ ወደ ከተማችን የመጣ ሰሞን ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» አለው። አለቀ። ፊልሙንም፣ አዳራሹንም፣ አስመጪውንም አንድ ላይ ገመገመ። ከዚያ ወዲህ ጨዋ ሆንን።

እኔ ፌስቲቫል በመጣ ቁጥር ደብተሬን ይዤ የምሄድ ሰው ነኝ። ፊልም አይቼ እጽፋለሁ፣ ዳይሬክተር አነጋግራለሁ። ማየቱ ቀላል ነው። (በእርግጥ መጀመሪያ የክብር እንግዳው እስኪመጡ ይጠበቃል። ከመጡ በኋላ ደግሞ ተናግረው እስኪጨርሱ ይጠበቃል። ከአጭር ፊልሙ ንግግሩ የሚረዝምበት ጊዜ ብዙ ነው።) ከባዱ ከአዳራሹ መውጣቱ ነው። በሩ ላይ ዳይሬክተሩ ቆሟል። ከጎኑ እናቱ ነጠላቸውን ለብሰው ቆመዋል። ከእናቱ ጎን ለፊልሙ ብር ያበደረው አጎቱ አለ። ዳይሬክተሩ እጅህን ይይዝና «እንዴት አየኸው?» ይልሃል። እጅህን ግን አይለቅም።

ምን ልትል ነው? «ጥሩ ሙከራ ነው» ትላለህ። አጎትየው ፊቱ ሲጠቁር «ለኢንዱስትሪው ትልቅ አስተዋጽኦ አለው» ብለህ ትጨምራለህ። ያኔ እጅህ ይለቀቃል።

ፈረንሳይ አገር ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። እ.ኤ.አ. በ1960 የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ «ላቬንቱራ» ሲታይ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ፊልሙ ግን የዳኞችን ሽልማት ይዞ ወጣ፣ ዛሬም ስሙ ይጠራል። እስቲ አንተ ብሔራዊ ቴአትር ቁጭ ብለህ ጩኽ። ከፊትህ የተዋናይዋ ታላቅ እህት አለች፤ ከኋላህ የካሜራማኑ ሚዜ። የት ታመልጣለህ?

ስለዚህ እኛ ጋ ፊልም የሰለቸው ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። «ሄሎ... እ? አይሰማም፣ ቆይ ልውጣ» እያለ አጎንብሶ ይወጣል። ስልኩ እንዳልጠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን እግራችንን ሰብሰብ አድርገን እናሳልፈዋለን። አንዱ ታዲያ እንዲሁ እያወራ ሲወጣ ስልኩ እዚያው ጆሮው ላይ ከምሩ ጠራ። ሰውዬው ደንግጦ ተመልሶ ተቀመጠና ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየ።

ጥሩ ፊልም የለንም ማለቴ አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወሰደ። በዓመቱ ደግሞ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካውያኑን የፊልም ፌስቲቫል የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ደገመ። እ.ኤ.አ. በ2015 የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ካን ገባ፤ በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ የአንድ ልጅና የበጉ ነው፣ አንጀት ይበላል። መዘዙ ከዚያ በኋላ መጣ። ካሜራ የያዘ ሁሉ ወደ በግ ተራ የወረደ መሰለኝ።

በቀደም ያየሁት ፊልም ላይ አንዲት ፍየል አለች። ፍየሏ ካሜራውን ታያለች። እኛ ፍየሏን እናያለን። ነፋስ ይነፍሳል። ፍየሏ ታመሰኳለች። ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ብቅ አሉ። እሰይ፣ ታሪክ መጣ ብለን ተስተካክለን ተቀመጥን። ሽማግሌው ፍየሏን አዩና ተመለሱ። ከዚያ ድፍን ያለ ጨለማ ሆነ፤ በጨለማው ውስጥ የሆነ ሰው ይተነፍሳል። ጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬም ይተነፍስ ነበር፤ ተኝቶ።

ሲያልቅ ውይይት ተባለ። አወያዩ «አጫጭር ጥያቄ ብቻ» አሉ። ማይኩን የሚቀበለው ሰው ሁሌም የታወቀ ነው፤ ኮቱን ቆልፏል፣ እጁ ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ጀመረ። ስለ ዓለም ሲኒማ ተናገረ። ከዚያ እሱ ራሱ ስለ ጻፈው፣ ፕሮዲዩሰር ስላጣው ድርሰት ተናገረ። ስለ ፍየሏ ምንም አላለም። እንግዳ ሆኖ የመጣ አንድ ፈረንጅ ዳይሬክተር ምን እንዳለ ሲጠይቅ አስተርጓሚዋ ጎንበስ ብላ «ፊልሙን ወደውታል» አለችው።

ከፍየሏ ፊልም ዳይሬክተር ጋር ቃለ መጠይቁ በማግስቱ አንድ ካፌ ውስጥ ሆነ። ካን ላይ ጋዜጠኛ በሰዓት ተለክቶ ይገባል፤ ደቂቃው ሲያልቅ ይሸኛል። እኛ ግን ማኪያቶ እየደገምን ግማሽ ቀን መቀመጥ እንችላለን። ችግሩ ጊዜ አይደለም። ከእኔ በፊት የነበረው ጋዜጠኛ ፊልሙን ሳያይ መጥቶ «ምን መልእክት ለማስተላለፍ ፈልገህ ነው?» አለው። «ምን ያህል ወጪ ወጣበት?» አለው። ቀጥሎ «ማመስገን የምትፈልገው ሰው ካለ ዕድሉን ልስጥህ» አለው። ምስጋናው ከፈጣሪ ተነስቶ፣ በአጎትየው በኩል አልፎ፣ ጄኔሬተር እስካከራየው ሰውዬ ደረሰ።

የእኔ ተራ ሲደርስ፣ «ፍየሏ ምንድን ናት?» አልኩት።

«እሱን ለተመልካች ትቼዋለሁ» አለኝ።

«ጨለማውስ?»

«እሱንም።»

ሁሉን ለእኛ ትቶልን እሱ ምን እንደሠራ ልጠይቀው አሰብኩ። ግን የማኪያቶውን ሂሳብ ከፍሎ ነበር።

ቢሮ ገብቼ ለመጻፍ ስቀመጥ ትዝ ያሉኝ እናቱ ናቸው። በምረቃው ማታ፣ ሰው ሁሉ «ጥሩ ሙከራ ነው» ሲል፣ እሳቸው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ምነው ልጄ፣ መብራት ሄዶባቸው ነው እንዴ የቀረጹት? ደግሞ ያቺ ፍየል ውሃ እንኳ የሰጣት የለም» ብለውኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ ሂስ ከየት አመጣለሁ? ስማቸውን ሳልጠቅስ አስገባሁት። «አንዲት አንጋፋ የሲኒማ ተመልካች እንደሚሉት የፊልሙ ብርሃን ችግር አለበት፣ የፍየሏም ገጸ ባሕሪ በቂ ትኩረት አላገኘም» ብዬ ጻፍኩ።

ጽሑፉ በወጣ ዕለት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ነው።

«ማን ናት ይቺ ሴትዮ? ምቀኛ ናት! እኔን ለመጣል የተነሳች ናት!»

«ኧረ በጭራሽ» አልኩት፣ «ከልጅነትህ ጀምሮ የምታውቅህ ሴት ናት።»