ጨብጥ ለብቻ አይታከምም

ፋርማሲ ተራ ስትጠብቁ አይታችሁት ይሆናል። አንዱ ጎልማሳ፣ ሰው እስኪወጣ ጥግ ይዞ ይቆያል። ከዚያ ጠጋ ይልና በለሆሳስ «ሽንቴን ያቃጥለኛል» ይላል። ማዘዣ የለውም። ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ይሰጡታል፤ ከፍሎ ውልቅ።

ሕመሙ ጨብጥ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ያሳስበኛል። የጨብጥ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን፣ ቴትራሳይክሊንን፣ ኋላም ሲፕሮን ተራ በተራ ተላምዷል። አሁን የሚታመነው ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ ውስጥ እሱንም የተቋቋመ ጨብጥ የያዘው ሰው ተገኝቷል። እና ፋርማሲስቱ ሲፕሮ ከመሸጥ ይልቅ ሰውየውን ወደ ጤና ጣቢያ ቢልከው ምን አለበት? የሚቀርበት የአንድ ፓኬት ሽያጭ ነው።

የበለጠ የሚያንገበግበኝ ግን የሚስቱ ነገር ነው። ወንድ ላይ ጨብጥ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይታወቃል፤ በቀናት ውስጥ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያሳያል። ሴቷ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ድምፁን አጥፍቶ ወደ ማህፀን ቱቦ ሊወጣ ይችላል፤ እዚያ ጠባሳ ጥሎ ቱቦውን ሊደፍነው ይችላል። ከዓመታት በኋላ ልጅ አልመጣ ሲል «መካን» የምትባለው እሷ ናት። ጸበል የምትመላለሰው፣ የአማት ሽሙጥ የምትሰማው እሷ። እሱዬው ያን ሲፕሮ ከረሳው ቆይቷል። አርግዛ ብትወልድም በሽታው በምጥ ጊዜ ሕፃኑን ዓይኑ ላይ ሊይዘውና ሊያሳውረው ይችላል። አዋላጆች ገና እንደተወለደ ዓይኑን ቅባት የሚቀቡት አንዱ ለዚህ ነው።

መከላከል ሲባል ኮንዶም ብለን እናልፋለን። ኮንዶም ይሠራል፣ ጥያቄ የለውም። ግን ባል ታክሞ ሚስት ከቀረች መልሳ ታስይዘዋለች፤ ደግሞ እሷ ላይ ሊጮህ!

«እንዴት ብዬ ልንገራት?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። ለዚህ ነው ነገሩን ለእሱ ድፍረት ብቻ መተው የሌለብን። ጤና ጣቢያው ለሚስቱ የሚያደርሰው የመጥሪያ ወረቀት ይስጠው፤ የበሽታው ስም አይጻፍበት። ስትመጣ ነርሷ ለብቻዋ ታስረዳት፣ እውነቱን ሳትሸፋፍን። ውጭ ያለችውም ካለች ትጠራ። ሁሉም ይታከሙና ከመርፌው በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ከግንኙነት ይታቀቡ።