ማስተካከያ፦ ሮካሾ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የላትም

ባለፈው ጽሑፌ በሰሜን ጃፓን፣ አኦሞሪ ውስጥ ያለችው የባሕር ዳር መንደር ሮካሾ «የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አላት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።

እዚያ ያሉት የኑክሌር ነዳጅ ተቋማት ናቸው፦ ዩራኒየም ማበልጸጊያ፣ የኑክሌር ቆሻሻ ማከማቻና ያገለገለ ነዳጅ መልሶ ማቀነባበሪያ። ይህን ያረጋገጥኩት ከተቋሙ ባለቤት ድርጅት ይፋዊ መግለጫዎች ነው።

ማቀነባበሪያው መደበኛ ሥራ ጀምሯል ማለቴም ልክ አልነበረም። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀመረ። በ1997 ያልቃል ቢባልም ቀኑ ከ20 ጊዜ በላይ ተራዝሟል። በሙከራው ጊዜ ቆሻሻውን ከቀለጠ መስታወት ጋር የሚያዋህደው ምድጃ ከሥሩ እየተደፈነ አስቸግሯል።

«ነዳጁ እዚያ ታድሶ ይወጣል» ብላችሁ ያጋራችሁ እባካችሁ አስተካክሉት። ከየማመንጫው የመጣው አብዛኛው ነዳጅ አሁንም ገንዳ ውስጥ፣ ውሃ ሥር ተቀምጧል። ለመንደሯ ሰዎች ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።