ይድረስ ለሟቹ ፓወር ሰፕላዬ

ለክቡር ፓወር ሰፕላይ፣ የኮምፒውተሬ ኮረንቲ አቀባይ፣ ባለ 500 ዋት፣
ጠረጴዛዬ ሥር

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ነገር በቀር ደህና ነኝ። «ክቡር» ብዬ ጀምሬ «አንተ» ማለቴን እንዳትቀየመኝ። ያለነው ድሬዳዋ ነው፤ እዚህ ሽማግሌውም «አንተ» ነው።

የሞትክበትን ቀን አልረሳውም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ልጅ ማመልከቻና ሲቪ ልታስጽፍ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። የሥራ ማስታወቂያው በማግስቱ ይዘጋል። «የሥራ ልምድ» የሚለው ላይ ደርሰን፣ እሷ «ሁለት ዓመቱን ሦስት ብናደርገው ማን ያውቃል?» እያለች፣ እኔ እያመነታሁ፣ መብራት ሄደ። ይሄ ብርቅ አይደለም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲመጣ ግን የቀረበትን ሁሉ ባንዴ ሊክሰን ነው መሰለኝ፣ አምፖሉ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ። አንተም «ጧ!» አልክ። አንዴ ብቻ። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክና የከረመ ዓሣ የተቀላቀለበት ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጅቷ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ይዛ «ፍላሽ ላይ ገልብጠኸዋል አይደል?» አለችኝ። አልገለበጥኩትም።

የማደንቅልህ ሞተህም ጥፋቱን በሌላ ማላከክህን ነው። ኮምፒውተር ዝም ሲል ማንም አንተን አይጠረጥርም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መኪናውን ትቶ መጣና «ወላሂ ራሙ ነው፣ በላጲስ ፈትገው» አለኝ። የኮምፒውተሩን የማስታወሻ ካርድ አውጥቼ ፈተግኩት። በዚህ አገር በላጲስ ያልተፈተገ ራም ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛው መካሪ ሁሉ ነገር የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን ከሰሰ። ሦስተኛው ዊንዶውስ ይጫንበት አለ። ጨርሶ የማይበራ ኮምፒውተር ላይ! አንተ ሽታህ ገና አፍንጫችን ውስጥ እያለ፣ ከኋላ ጥግህን ይዘህ እንደ ንጹሕ ሰው ተቀምጠሃል።

ያጋለጠህ አንድ የጥገና ልጅ ነው። ከማሽኑ ነቅሎ አወጣህ። ባለ 24 ቀዳዳውን ሶኬትህን ይዞ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኘና ኮረንቲ ሰጠህ። ጤነኛ ብትሆን ፋንህ መዞር ነበረበት። ዝም። «አቦ ሞቷል» አለ። መርዶ እንዲህ ባጭሩ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። በስልኩ መብራት ውስጥህን አሳየኝ። ካፓሲተሮች የሚባሉት፣ ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ትናንሽ ጣሳዎች፣ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው እንደ ዳቦ ተነፍተዋል፤ አንዱ ቡናማ ነገር አንጠባጥቧል። ፋንህን ደግሞ የድሬ አቧራ ሹራብ አልብሶታል። በግንቦት ሙቀት፣ በሹራብ! የሚገርመኝ መሞትህ ሳይሆን እስካሁን መቆየትህ ነው።

«ፊውዙን ብቻ ቀይርልኝ» አልኩት፣ ቢረክስልኝ ብዬ። «ፊውዙ የተቃጠለው ውስጡ ሌላ ነገር ሾርት አድርጎ ነው፤ ብቀይረውም አዲሱ ይቃጠላል» አለ። ራሴ ልክፈተው ብዬ ካቻቢቴ ሳነሣ እጄን ያዘኝ። ለካ ተነቅለህም ቂም ትይዛለህ። የገባው 220 ቮልት ውስጥህ ሲቀየር ወደ 310 ይጠጋል፤ ትልቁ ካፓሲተርህ ያንን ሸሽጎ ማቆየት ይችላል። ካቻቢቴውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

ኪሴ ውስጥ 1,500 ብር ነበረች። ታይዋን ሄድኩ። ለማያውቅ፣ አገሩን ሳይሆን የድሬን ገበያ ማለቴ ነው። ግን የሄድኩት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። በቀትር ድሬ ውስጥ ሥራ ላይ ያለው ፀሐይ ብቻ ነው። ተዘግቶ ጠበቀኝ፤ እኔም ጥላ ፈልጌ ጠበቅኩት። ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘሁት ያንተን ወንድም ነው። ያው ቀለም፣ ያው «500 ዋት» በትልቁ። ባነሣው ባዶ የወተት ጣሳ።

«ቀላል ነው» አልኩት ሻጩን።

«አቦ አንተ ዋት ነው የምትፈልገው ክብደት?»

ክብደት ነዋ! ሙቀት የሚያወጣው ብረት፣ መግቢያው ላይ ኮረንቲውን የሚያጣራው የመዳብ ጥቅልል፣ ይሄ ሁሉ ይመዝናል። ያንተ ዘመዶች ላይ ቦታው ተዘጋጅቶ ዕቃው አልመጣም። ትንሿን ጽሑፍ አነበብኩ፤ 12 ቮልት፣ 14 አምፔር። በስልኬ ሳባዛው 168 ዋት። ፕሮሰሰሩን የሚቀልበው ይሄ መስመር ነው። የ5 እና የ3.3 ቮልቱን ብጨምርለትም 500 የሚባለው አገር አይደርስም። አንተም እኮ ስገዛህ ይህንኑ ጎንህ ላይ ለጥፈህ ነበር። ትልቁን ቁጥር ብቻ አንብቤ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ደግሞስ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው፣ ማመልከቻ ለሚጽፍ ማሽን 500 ዋት ምን ሊሆን? ቢለፋ ቢለፋ 100 ቢበላ ነው። ለሁለት ሰው ምሳ በሬ ልጥል ነበር።

በስተመጨረሻ ከተበተነ ኮምፒውተር የወጣ አሮጌ አስወጣሁ። የመጀመሪያው የብራንድ ማሽን ስለነበር ሶኬቱ ባለ 8 ቀዳዳ ነው፤ የኔ ክሎን፣ ከየዕቃው የተገጣጠመው፣ 24 ይፈልጋል። ተመለሰ። ሁለተኛው ገጠመ። 300 ዋት ብቻ ይላል፣ ሲነሣ ግን ክንድ ይሰማዋል። እዚያው አረንጓዴና ጥቁሩን አገናኘሁ፤ ሻጩ እየሳቀብኝ ፋኑ ዞረ። 1,300 ብር። የተረፈችው ለባጃጅና ለሻይ ሆነች። ከፍ ዝቅ የሚለውን ኮረንቲ የሚያስተካክለው ስታቢላይዘር ለሌላ ወር ይቆይ። እስከዚያ መብራት ሲሄድ እነቅላለሁ፤ ሲመጣም እስኪረጋጋ ሻይ ጠጥቼ ነው የምሰካው።

ሃርድ ዲስኩ ተርፏል። ልጅቷ ግን ሲቪዋን ሌላ ቤት አስጽፋለች። ሦስት ዓመት ብለው ጻፉላት አሉ።

ቅዳሜ ቆራሌው በበሬ ሲያልፍ ጠራሁትና አቀበልኩህ። «ባለ 500 ዋት ነው» አልኩት፣ ልማድ ሆኖብኝ። ጽሑፉን አላየውም። በአንድ እጁ ከፍ ዝቅ አደረገህና «ውስጡን አውጥታችሁታል እንዴ?» አለኝ።

ገመድህን አልሰጠሁትም። እሱ ደህና ነው።

አክባሪህ፣
የቀድሞ ደንበኛህ
ድሬዳዋ