ወረፋ የያዘ ሁሉ አልተገነባም
ሰላም ወገኖች፣ “አሜሪካ ውስጥ 2,600 ጊጋዋት ተሰርቶ ያለቀ የኃይል ፕሮጀክት የመብራት መስመር ተከልክሎ ቆሟል” የሚለው እየተደጋገመ ስለሆነ ትንሽ ላርም። ቁጥሩስ ልክ ነው (እኔም መጀመሪያ ደንግጬ ነበር)፣ በ2023 መጨረሻ ከመብራት መስመሩ ጋር ለመገናኘት ወረፋ ላይ የነበረው ወደዛ ይጠጋል፣ ግን ይሄ ማመልከቻ ነው እንጂ የተተከለ ፓኔል አይደለም፣ ከ2000 እስከ 2018 ከተመዘገቡት ፕሮጀክቶች እስከ 2023 መጨረሻ ስራ የጀመሩት 19 በመቶ ናቸው፣ አብዛኛው ተሰርዟል። ለዛም ነው የፌደራሉ ኢነርጂ ኮሚሽን በጁላይ 2023 “ቀድሞ የመጣ ይስተናገድ” የሚለውን የወረፋ ደንብ “ቀድሞ የተዘጋጀ ይስተናገድ” ወደሚለው የቀየረው፣ መሬትህን አሳይ፣ ብር አስይዝ ነው ነገሩ። ማጣራት የፈለገ ይሄን ወረፋ የሚያጠናውን የአሜሪካ የምርምር ተቋም፣ የበርክሌይ ላብን የወረፋ ኤክሴል አውርዶ ስታተስ የሚለውን ኮለም ይይ፣ “ዊዝድሮውን” (ከወረፋው የወጣ) የሚለው ብዛቱ ጉድ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ “መስመር ብቻ ይቀጠልላቸው፣ መብራት ነገ ይረክሳል” ካልን ያልተገነባ ነገር እየቆጠርን ነው።